መታሁት፣ አለቀ

የጋሽ ሙላትን መሞት ናዝሬት ላለችው ባለቤቱ ያረዳኋት እኔ ነኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ አውቃለሁ። ግን ራሷ ደወለች፣ መዋሸትም አቃተኝ። ድምፄን ስትሰማ ገባት። ጩኸት ጠብቄ ነበር፤ አልጮኸችም። ይልቅ፣

«ማነው የመታው?» አለችኝ።

«ማንም አልመታውም፣ እትዬ አልማዝ።»

«አትዋሺኝ ትርሲት። ሙላት እንዴት አድርጎ ነው ሰው ሳይመታው የሚሞተው?»

እውነቷን ነው። ከጅቡቲው ዶራሌ ወደብ ጀምሮ እስከ ናዝሬት ድረስ ጋሽ ሙላትን የሚያውቅ ሹፌር ሁሉ ያንኑ ነው የጠየቀኝ። ጋላፊ ድንበር ላይ በድንጋይ ፈነከቱት የሚል አለ። ሚሌ ላይ በጩቤ ተወጋ ብሎ፣ ቆሞ ያየ ይመስል፣ የማለልኝ አለ። አንዱማ ገዳዩን በስም ጠርቶ ነገረኝ። ያ የጠራው ሰው በሰዓቱ ክንዱ ተሰብሮ፣ እዚያው ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ እያቃሰተ ተቀምጦ ነበር። ወሬው ሲደጋገም ደሜ ይፈላል። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነ ልጽፈው ነው።

እኔ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ በአንድ ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ቢሮ የጭነት ሰነድ ነው የምሠራው። መጀመሪያ የመጣሁት ሰው ቤት ልሠራ ነበር። ፈረንሳይኛውንም ሶማሊኛውንም እዚያው ሰው ቤት ለቀምኩት፤ ግማሹን በትእዛዝ፣ ግማሹን በስድብ። በዚህ የተነሳ ቋንቋ የቸገረው የአገሬ ሹፌር ሁሉ ስልኬን ይዟል። ፖሊስ ጣቢያም ይግባ ሐኪም ቤት፣ «ትርሲት ድረሺልኝ!» ነው።

ጋሽ ሙላትን መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሲመታ ነው። ሌላ ምን ሲያደርግ ላየው እችል ነበር?

ዶራሌ፣ ኮንቴይነር የሚጫንበት ግቢ በር ላይ መኪኖች ተራ የሚጠብቁበት ሜዳ አለ። ከላይ ፀሐይ፣ ከታች አስፋልት ሰውን የሚጠብሱበት ቦታ ነው። ሹፌሩ በድምፅ ማጉያ በስሙ ይጠራል። ሲጠራ ካልተገኘ መኪናው ወደ ጭራ ይመለሳል፤ ጭራ ማለት ደግሞ እንደገና በዚያ ሙቀት መክረም ነው። ያን ቀን ይርጋ የሚባል፣ ለመንገዱ አዲስ የሆነ ቀጭን ሹፌር፣ ከፊቱ የነበሩትን ሁሉ በጎን አልፎ በሩ ሥር ተሰካ።

ጋሽ ሙላት ከመኪናው ወረደ። አጭርና ሰፊ፣ አንገት የሚባል ነገር ያልተሰጠው ሰው ነበር። አልሮጠም፣ አልተሳደበም። እየተራመደ የእጅ ሰዓቱን ፈታና ኪሱ ከተተ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያቺን ሰዓት ያውቃታል፤ ሲፈታት ያየ ራቅ ይላል። የይርጋን በር ከፈተ፣ በኮሌታው ጎትቶ አወረደው፣ አንዴ መታው። የይርጋ የፊት ጥርስ አስፋልቱ ላይ ወደቀ።

ተራቸው የተነካባቸው ሹፌሮች ይሄኔ ይርጋን ሊረግጡት ግር ብለው መጡ። አንዱ ደርሶ ጎኑን በጫማው አለው። ጋሽ ሙላት ዞረና ያንን የረገጠውን ሰው በቡጢ ዘረጋው። ከዚያ የወደቀው ይርጋ ላይ እግሮቹን አንፈራጦ ቆመ።

«መታሁት፣ አለቀ! ያልገባው ይምጣ!»

ማንም አልመጣም። ሕጉ ይህ ነበር። ጋሽ ሙላት የመታው ሰው የጥፋቱን አግኝቷል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ነገር የሚነካው ሰው ጠቡ ከጋሽ ሙላት ጋር ነው። ጎንበስ ብሎ ጥርሷን አነሳ፣ በሱሪው ጠረጋትና ለይርጋ ሰጠው። «እንካ፣ ያንተ ናት» አለው። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ ደም በነካው እጁ የጭነት ሰነዱን ተቀበለኝና፣ «ተባረኪ፣ እህቴ» አለኝ።

ጻድቅ ላደርገው አይደለም የምጽፈው። የሰው መንጋጋ ሰብሯል፣ የሰው መስተዋት በጎማ መፍቻ ብረት አርግፏል፤ ሁሌም ደግሞ እውነት የእሱ አልነበረም። አንዴ ፒኬ አሥራ ሁለት፣ ከከተማው መውጫ ያለው የመኪና ማቆሚያ ላይ፣ ሰው በስህተት መትቶ፣ ስህተቱን ሲነግሩት፣ «ታዲያ ለሚቀጥለው ጥፋቱ ይሁንለት» ብሎ ሄደ። ፈራሁት፣ ጠላሁትም። መቼ መውደድ እንደጀመርኩ አላውቅም።

ይርጋ ጥርሱን በመሐረብ ቋጥሮ ሄደ፣ በሚቀጥለው ጉዞ ግን ተመልሶ መጣ። ጋሽ ሙላት ውሃ ሊገዛ ወጥቶ ሳለ ስሙ ሲጠራ፣ «አለ!» ብሎ የመለሰለት ይርጋ ነበር። ሹፌሮች ይህን «ተራ መያዝ» ይሉታል። ጓደኛህ ከሌለ በእሱ ስም «አለ» ትላለህ፣ መኪናውንም ታስጠጋለታለህ። ለወንድሙ «አለ» የማይል ሹፌር እዚያ ሜዳ ላይ ሰው አይደለም። ከዚያ ጀምሮ ሁለቱ አልተለያዩም። የሰበረውና የተሰበረው አንድ ሳህን ላይ ሲበሉ ማየት ያስቀኝ ነበር።

በሽታው የመጣው ጠብ መሐል ነው። ፒኬ አሥራ ሁለት ላይ ከሽፈራው ጋር ገጠመ። ሽፈራው ግንድ የሚያህል ሹፌር ነው፣ ጋሽ ሙላትንም ከድሮ ጀምሮ ይጠላው ነበር። ጋሽ ሙላት ቡጢውን አነሳ፤ ቡጢው እዚያው አየር ላይ ቀረ። ከንፈሩ ጠቆረ፣ ጉልበቱ ታጠፈ፣ በፊቱ ወደቀ። ሽፈራው ሳይነካው የገደለው መስሎት እግሬ አውጪኝ አለ፤ ከሆልሆል መንገድ ላይ ነው የመለሱት።

ለካ የልቡ በር ከልጅነቱ ጀምሮ ሲበላሽ ኖሯል። አዲስ አበባ ደረቱን ከፍተው በብረት ሊቀይሩለት ሆነ። በዚያ ጊዜ እንደ ጋሽ ሙላት ያለ በሽተኛ አልነበረም አሉ። ቀጠሮ አያሳልፍም፣ ጾም ሲሉት ይጾማል፣ ተኛ ሲሉት ይተኛል። ፈርቶ ነበራ! ለቀዶ ጥገናው ደም ሲጠየቅ ሹፌሮች እየተጠራሩ ሄዱ። የይርጋ ደም ከእሱ ጋር ተስማማ፤ ሰጠም። ይርጋ ይህን ነገር ለማን ያላወራው አለ? «አሁን እሱ ውስጥ የሚሮጠው የእኔ ደም ነው» እያለ፣ በወለቀችው ጥርሱ በኩል እያፏጨ ሜዳውን ሁሉ አዳረሰው።

ደረቱ ከተዘጋ በኋላ ግን ፍርሃቱም አብሮ ተዘጋ። ሐኪሞቹ ከባድ መኪና አትንዳ አሉት፤ መንገድ ላይ ወጣ። ብረቱ ላይ ደም እንዳይረጋ በየቀኑ የሚዋጥ፣ ደም የሚያቀጥን ክኒን ሰጡት። ክኒኑ ካነሰ ደሙ ረግቶ ብረቱን ይዘጋዋል፤ ከበዛ ደግሞ ደሙ እንደ ውሃ ይሆንና በትንሽ ነገር ይፈሳል። ስለዚህ ደሙ በየጊዜው መመርመር አለበት። ጋሽ ሙላት ይህን ሰማና ረሳው። ሐኪም ቤት የሚገባው መኪናው በቆመበትና የሆነ ነገር በወጋው ጊዜ ብቻ ሆነ። ጀርባውን ሲያመው ሚሌ ላይ መርፌ፣ ሳል ሲይዘው ሠመራ ላይ እንክብል። አንዱ ሐኪም ሌላው የሰጠውን አያውቅም። ልቡን ግን የሚያሳየው የለም።

«ልቤን አላመመኝም» ይለኛል ስጨቀጭቀው። «ሞተር ወረደ፣ ተሠራ፣ ተገጠመ። ከዚያ በኋላ መኪና ይነዳል እንጂ ጋራዥ በር ላይ ይተኛል?»

«ሞተር ካሠራህ በኋላ ዘይቱን አታይም?» አልኩት አንድ ቀን በብስጭት።

አፉን ከፍቶ አየኝ። ሳቀ። «ደሜን ነው ዘይት ያልሽው?» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምርመራው «ዘይት ማየት» ሆነ፤ እኔም ካርቲየ ካትር በሚባለው ሰፈር ወዳለች አንዲት የግል ክሊኒክ ወሰድኩት።

መጀመሪያ ቀን ክሊኒኩን በጠበጠው። ደም የሚቀዳው ልጅ ሥሩን ስቶ ደግሞ ሲወጋው፣ ጋሽ ሙላት በነጻ እጁ የልጁን አንገት አነቀ፤ ወንበሩ ተገለበጠ፣ ትሪው በረረ፣ ጠርሙሱ ተከሰከሰ። ያዳነን ሆዳን ነች። ሆዳን ነርስ ናት፣ ረጅም፣ ቁጡ የጅቡቲ ልጅ። «ዋርያ!»፣ አንተ ሰውዬ፣ ብላ ስትጮህበት ግድግዳው ያስተጋባል። ጋሽ ሙላት ለቀቀ። ወንበሩን አንስቶ ተቀመጠ። ልጁን በአማርኛ ይቅርታ ጠየቀ፣ እኔ ተረጎምኩ።

ሆዳን ፊቱ ላይ ጎንበስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል እንድተረጉምላት እየጠበቀች ነገረችው። ሰው ጭንቅላትህን ቢመታህ ትሞታለህ። አንተ ሰው ብትመታ እጅህ ውስጥ ደም ይሞላል። ከእንግዲህ ጠብ የለም።

«ጠይቂያት» አለኝ። «ሰው ሳይማታ እንዴት ነው ዶራሌ ውስጥ የሚኖረው?»

«እኔ ያንን ባሌን ሳልማታ እየኖርኩ ነው በይው» አለች ሆዳን። በዚህ ተወዳጁ። ስሙን መጥራት ትታ «የእናንተ ተደባዳቢ» ትለኝ ጀመር፤ ሲመጣ እጁን የምትይዝለት ራሷ ሆነች። ጸጥ ባለው ክፍል ውስጥ አፉን ሲከፍት የልቡ ብረት ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። «ሁለት ሰዓት አለኝ አሁን» ይላት ነበር፣ «አንዱን እፈታዋለሁ፣ አንዱ አይፈታም።»

ሜዳው ላይ «ከተመታ ይሞታል» የሚለው ወሬ ሲሰማ ግን ጉድ ፈላ። ሽፈራው አንድ ቀን ሆን ብሎ መንገዱን ዘጋበት። ጋሽ ሙላት ወረደ። ሰዓቱን ፈታ። ድሮ ሰው የሚሸሸው እሱን ነበር፤ ያን ቀን ሁሉም ሮጦ ሽፈራውን ያዘው። ሽፈራው ራሱ ነገሩ ዘግይቶ ገባውና ሁለት እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

«ምታኝ!» አለው ጋሽ ሙላት ደረቱን እየገፋው። «ምታኝ አንተ!»

«አልመታህም ጋሼ» አለ ሽፈራው። «ትሞትብኛለህ።»

ጋሽ ሙላት ሰዓቱን እንደያዘ ቢሮዬ መጣ። በሩን ዘግቶ አለቀሰ። «ፈርተውኝ ሲሸሹ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽሽም» አለኝ። «አዝነውልኝ ሲሸሹ ግን አልቻልኩም፣ ትርሲት። እንደዚህ ከምኖር ያኔ ብሞት ይሻለኝ ነበር።» ውሃ ሰጠሁት። እኔም አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ደህና በሽተኛ የሆነው። መማታት ከቀረ፣ ቢያንስ ልኑር አለ መሰለኝ። ክኒኑን በሰዓቱ ይውጣል፣ ቀጠሮ ሲደርስ ራሱ ያስታውሰኛል። ሐኪም ያለውን ሁሉ ይፈጽማል። ያጠፋውም ይኸው ነው።

የዚያን ቀን ቀጠሮው ከጭነት ተራው ጋር ገጠመበት። ድምፅ ማጉያው ስሙን ሊጠራ ቀርቧል፤ ክሊኒኩ ደግሞ ወረፋ አለው። እኔ ወደብ ነበርኩ። ስለዚህ ጋሽ ሙላት ሁሌ የሚያደርገውን አደረገ። የቀጠሮ ካርዱን ለይርጋ ሰጥቶ፣ «ሂድ ተራ ያዝልኝ፣ ጭኜ እደርሳለሁ» አለው። ይርጋ ሄደ። ሆዳን የዕረፍት ቀኗ ነበር። በእሷ ቦታ የገባችው ነርስ ጋሽ ሙላትን አይታው አታውቅም፤ ያ የታነቀው ልጅም ከዚያ ለቅቋል። «ሙላት!» ብላ ጠራች።

«አለ!» አለ ይርጋ።

ክንዱን በላስቲክ አሰሩት። ደም ቀዱ። ይርጋ ፈረንሳይኛ አያውቅም፣ ሶማሊኛም ከሰላምታ አያልፍለትም፤ ግን ምንም ግር አላለውም። ለጋሽ ሙላት ደም መስጠት ለእሱ አዲስ ነገር አይደለም። እንዲያውም ትንሽ ብቻ መውሰዳቸው ገርሞት፣ ሌላኛውን ክንዱንም ገልጦ አሳይቷቸዋል። እነሱ ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ውጤቱ ሲመጣ የጤነኛ ሰው ደም ነበር፤ የብረት ልብ ላለው ሰው ግን የጤነኛ ሰው ደም አደጋ ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን ብቻ አይቶ ክኒኑ አልሠራለትም ብሎ ጨመረ፣ ቶሎ ተመለስ ብሎም አዘዘ። መድኃኒት የምትሰጠው ልጅ አንድ ጣት አሳይታ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች፣ ሁለት ጣት አሳይታ፣ «ዱ! ዱ!» አለችው። ይርጋ የገባው ይህቺ ብቻ ነች።

ጋሽ ሙላት ጭኖ ሊወጣ ሲል ይርጋ ደረሰ። «ጨርሼልሃለሁ፣ ሂድ። ዶክተሩ ሁለት ሁለት ዋጥ ብሏል» አለው።

ሐኪም ካለ አለ ነው። ጋሽ ሙላት እስከ አዲስ አበባ ሁለት ሁለት ዋጠ፣ ሲመለስም ሁለት ሁለት ዋጠ።

ሲመለስ ክንዱ ላይ ሰማያዊ ምልክት ነበረ። ትከሻው ላይም፣ ጭኑ ላይም አለ አሉ። ጥርሱን ሲፍቅ ድዱ ይደማል። «ማነው የነካህ?» አሉት። «ማንም» አለ። ማን ያምነዋል? እንደ ጋሽ ሙላት ያለ ሰው ተደብድቦ አፍሮ ይደብቃል እንጂ እንዲያው ሰውነቱ ብቻውን ይበልዛል? ሹፌሮቹ ተንሾካሾኩ። ከእሱ ጋር ቂም ያለው ማነው? አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሽፈራውን ከመኪናው አወረዱት። እኔ የጭነት ሰነድ ይዤ እዚያው ነበርኩ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። መጀመሪያ መስተዋቱን አረገፉት። ከዚያ ፊቱን። ያ ሁሉ ግንድ የሚያክል ሰው በአንዴ መሬት ላይ ሆነ። «አልነካሁትም! በእናቴ አልነካሁትም!» ይላል፤ በጎማ መፍቻ ብረት ክንዱን አሉት፤ ስትሰበር ድምፁ እኔ ድረስ መጣ። ይርጋ ከመቺዎቹ መሐል ነበር። እንደ እሱ የጮኸ፣ እንደ እሱ የረገጠ አልነበረም።

ጋሽ ሙላት ከሜዳው ጫፍ እየሮጠ መጣ። ጤነኛ ልብ ያለው ሰው አይሮጥም እንደዚያ፣ እንኳን የብረት ልብ ያለው። መሐላቸው ገባ፤ ሽፈራው ላይ አንፈራጦ ቆመ፣ ያኔ ይርጋ ላይ እንደቆመው።

«ማንም አልመታኝም! ማንም አልመታኝም ብያለሁ እኮ!»

ሁሉም ከእሱ ሸሸ፣ እንዳይነኩት። አንድ ሰው እንኳ ልብሱን አልነካውም፣ እምላለሁ። እየጮኸ ሳለ ከአፍንጫው ደም መጣ። በእጁ ጠረገው። እንደገና መጣ። ከዚያ ቧንቧ እንደተከፈተ ወረደ፤ ሸሚዙን፣ ሱሪውን፣ ሥሩ የወደቀውን የሽፈራውን ፊት አለበሰው። ሽፈራው ያ ሁሉ ደም የራሱ መስሎት ይጮህ ነበር።

ሁለቱንም በአንድ ፒክአፕ ጭነን ወደ ሐኪም ቤት በረርን። ጋሽ ሙላት ድንገተኛ ክፍል ገባ። አፍንጫውን በጨርቅ ደፈኑት፤ ደሙ በጉሮሮው ዞሮ ያስመልሰው ጀመር። «ጭንቅላቴን» ይላል፣ «ጭንቅላቴን ፈለጠኝ።» ደሙን መርምረው ሐኪሙ በፈረንሳይኛ የነገረኝን እስከ ዛሬ ስተረጉመው ይቀፈኛል። ደሙ ውሃ ሆኗል። ካላወፈርነው ፈሶ ያልቃል፤ ስናወፍረው ደግሞ ብረቱ ሊዘጋ ይችላል። ከሁለቱ የሚሻለውን እንሞክራለን፣ እናንተ ደም አምጡ።

ሆዳንን ደውዬ ጠራኋት። የክሊኒኩን ውጤት ይዛ እየሮጠች መጣች። አየችው፣ ደግማ አየችው።

«እዚህ ላይ ደሙ ወፍራም ነው» አለችኝ። «ለዚህ ነው የተጨመረለት። የዚህን ዓይነት ክኒን የሚውጥ ሰው ደሙ እንዲህ አይሆንም። ያን ቀን ራሱ ነው የመጣው?»

ዞሬ ለሹፌሮቹ በአማርኛ ደገምኩት። ይርጋ እጁን አወጣ፣ ኩራት አለበት ፊቱ ላይ።

«እኔ ነኝ የሄድኩለት። ተራ ያዝኩለት። ስሙን ሲጠሩ አለ አልኩ። ደምም ሰጥቼለታለሁ፣ እንደ አዲስ አበባው።»

ለሆዳን መተርጎም ነበረብኝ። ተረጎምኩላት። እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ያኔ ነው ይርጋ ፊቷን አይቶ የገባው። ቀስ እያለ ገባው። ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ።

መጀመሪያ የተነሳው ሽፈራው ነው። የተሰበረ ክንዱን በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ በደህናው እጁ ይርጋን ጉሮሮውን ይዞ አነሳውና ከግድግዳው አጋጨው። «አንተ ገድለኸው እኔን ሰበራችሁኝ! አንተ!» ሌሎቹም ተነሱ። ያን ቀን ጠዋት አብረውት የረገጡት እነዚያው ናቸው። አንዱ ጫማውን አወለቀ፣ አንዱ የወንበር እግር ነቀለ። ይርጋ አልተከላከለም። «ግደሉኝ» ይላል ብቻ፣ «ግደሉኝ።» ሆዳን በሶማሊኛ ትጮሃለች፣ ዘበኛው ያፏጫል፣ የሚሰማ የለም።

«ትርሲት!»

ጋሽ ሙላት ነው። በሩ ክፍት ነበር፣ ሁሉን ሰምቷል። ገባሁ። ዓይኑ ደም ለብሷል። የግራ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

«ሰዓቴን ፍቺልኝ።»

ፈታሁለት። በሩ ላይ የቆሙት ሹፌሮች አዩ። አንድ በአንድ ወደ ኋላ አሉ። ሽፈራው ይርጋን ለቀቀው።

«ይርጋ» አለ ጋሽ ሙላት። «ና እዚህ።»

ይርጋ መጣ፣ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። ፊቱን ራሱ አቀረበለት። ጋሽ ሙላት እጁን አነሳ። ያ አጥንት የሚሰብር እጅ ሲነሳ ዘመን የፈጀ መሰለኝ። በጥፊ መታው። ዝንብ እንኳ የሚገድል ጥፊ አልነበረም። መዳፉ ግን ዓይናችን እያየ ጠቆረ።

«መታሁት» አለ ወደ በሩ እያየ። ድምፁ አልወጣም፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ደገመው። «መታሁት፣ አለቀ! ያልገባው ይምጣ!»

ማንም አልመጣም። ሽፈራው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«በል አሁን» አለው ይርጋን፣ «ሂድና ዘይት ጨምርልኝ።»

ሆዳን ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። የዚህን ሰው ደም ውሰዱለት ብሏል አልኳት። ይርጋን ክንዱን ይዛ ወሰደችው፤ በዚህ ጊዜ ስሙን ሦስቴ ጠየቀችው። ሌሎቹም እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ተከተሉት። የይርጋ ደም ገባለት፣ የብዙ ሰውም ደም ገባለት። አልበቃውም። በማግስቱ ከቀትር በፊት፣ ሰዓቱ እኔ ኪስ ውስጥ እንዳለች፣ አረፈ።

እንግዲህ ለእትዬ አልማዝ በስልክ የነገርኳት ይህን ነው። ሳትጮህ፣ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ታሪኩ ክሊኒኩ ጋ ሲደርስ ስለ ይርጋ እንዴት እንደምነግራት ጨንቆኝ ነበር። እሷ አንድ ቃል ብትል ወንድሞቿ ናዝሬት መግቢያ ላይ ይጠብቁታል፤ እነሱም የጋሽ ሙላት ዓይነት ናቸው። ግን ነገርኳት። ስለ ደሙም፣ ስለ ክኒኑም።

ስጨርስ ስለ ክኒኑም ስለ ይርጋም አልጠየቀችኝም።

«እና መታው?» አለችኝ።

«መታው፣ እትዬ።»

«በእጁ? ሰዓቱን ፈትቶ?»

«እኔ ነኝ የፈታሁለት።»

ተነፈሰች። ከዚያ በኋላ ነው ልቅሶዋ የመጣው፤ እስኪወጣላት ጠበቅኳት።

«እንግዲያው አለቀ» አለች በመጨረሻ። «ለአርባው ይምጣ በይው።»